«አንተ ከላሞቹ ጋር ቆይ»

አራት መቶ ሰው እንኳ ለማይሞላት ለተራራ መንደራችን ለፕራሴል መጽሐፍ ሊታተም ነው ሲባል ታች ሸለቆ ያሉት ብዙ ስቀውብናል። ማዘጋጃችን ግን አሳተመው፤ ጥሩ ወረቀት፣ ጥሩ ፎቶ። የመጨረሻው ምዕራፍ «ታዋቂ ሰዎቻችን» ይላል። አምስት ናቸው፦ የገዳም አበምኔት ሆኖ ያረፈ ቄስ፣ በክረምት ኦሊምፒክ በበረዶ ሸርተቴ ሠላሳ አንደኛ የወጣ ልጅ፣ ተራሮቻችንን የሳለ ሠዓሊ (እውነቱን ከተናገርን እዚህ የኖረው ሁለት በጋ ብቻ ነው)፣ ሃያ አራት ዓመት የመንደሩ ሹም የነበረ ሰውዬ፣ ከዚያ ደግሞ አንድ የኦርጋን ሠሪ። ፎቶዎቹን ከየቤቱ የሰበሰብኩት እኔ ነበርኩ፤ ልጄን በጋሪ እየገፋሁ።

በመጨረሻው ስብሰባ ላይ «አልዊናስ?» ብዬ ጠየቅሁ።

«የትኛዋ? የኦይገን እህት?» አለ ሰብሳቢው። «ደግ ሴት ነበረች፣ ነፍሷን ይማር። ግን ምን ሠራች ብለን እንጻፍ?»

በክፋት አልነበረም የጠየቀኝ። ባንድ ዓረፍተ ነገር ልመልስለት ብሞክር አቃተኝ። ስለዚህ በሳምንቱ ልጄን የሕፃናት መዋያ አስገብቼ ተቀመጥኩና ይህንን ጻፍኩ።

አልዊና የክርስትና እናቴ ናት። እኛ ዘንድ የክርስትና እናት ጎታ ነው የምትባለው፤ እኔም በስሟ ጠርቻት አላውቅም። ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ባለው የእንጨት ቤት ተወለደች። አባቷም አያቷም የዚህችው መንደር ዜጎች ነበሩ። በሃያ ሦስት ዓመቷ የታችኛውን መንገድ የድጋፍ ግንብ ሊሠራ የመጣ ጂኖ የሚባል ጣሊያናዊ ግንበኛ አገባች። የዚያን ጊዜው ሕግ ደግሞ የውጭ ሰው ያገባችን ሴት በሠርጓ ዕለት የአገሯንም የመንደሯንም ዜግነት ይቀማት ነበር።

ጎታ ይህን ስታወራ ትስቅ ነበር። «ቤተ ክርስቲያን ስገባ የዚህ አገር ሰው ነበርኩ። ስወጣ ጣሊያን ሆኛለሁ። አንዲት የጣሊያንኛ ቃል ሳልችል!»

ጂኖ ልጃቸው ሬንዞ ስምንት ዓመት ሲሞላው ከግንብ መወጣጫ ላይ ወድቆ ሞተ። ጎታ ልጇን ይዛ ወንድሟ ኦይገን ዘንድ ተመለሰች። በተወለደችበት ቤት፣ በተወለደችበት ክፍል፣ በየዓመቱ የሚታደስ የውጭ ዜጋ መኖሪያ ፈቃድ ይዛ ትኖር ጀመር።

ሬንዞ ከመንደሩ ልጆች ምንም አይለይም ነበር ይላሉ። በመንደሩ የሙዚቃ ባንድ ውስጥ ትራምፔት ይነፋል፣ የእሳት አደጋ ቡድን ውስጥ መሰላል ላይ የሚወጣው እሱ ነው። ጓደኞቹ «ማካሮኒ» ይሉታል። እሱም «ማካሮኒ የምትበሉት እናንተ ናችሁ፣ እናቴ ጠዋትም ማታም ሪበል ነው የምታጎርሰኝ» ይላቸዋል። ሪበል የበቆሎ ዱቄት በወተት ተለውሶ በቅቤ የሚታመስ ምግባችን ነው፤ ከዚህ ሸለቆ ውጪ ያለ ሰው ካልቸገረው አይበላውም።

የመንደሩ ላሞች ከሰኔ እስከ መስከረም ተራራው ላይ ይከርማሉ። ሬንዞ በአሥራ ስምንት ዓመቱ እዚያ አይብ መሥራት ጀመረ። እጁ የተባረከ ነበር፤ የእሱ አይብ ሳይሰነጠቅ ይደርቃል። በሃያ ሁለት ዓመቱ የግጦሹ አይብ ቤት አዲስ ኃላፊ ሲፈለግ ሁሉም ወደ እሱ አየ። ችግሩ አይብ ቤቱ የሚሰጠው ለመንደሩ ዜጋ ብቻ መሆኑ ነው። ስለዚህ ሬንዞ ዜግነት ጠየቀ።

ዜግነት እኛ ዘንድ ቢሮ አይሰጥም፤ ጎረቤት ነው የሚሰጥ። ስምህ ወረቀት ላይ ይወጣል፣ የመንደሩ ዜጎች ሳጥን ውስጥ አዎ ወይም አይሆንም ብለው ይጥላሉ። ያኔ ሴቶች ድምፅ አልነበራቸውም። ስለዚህ ስለ ሬንዞ የሚወስኑት ወንዶቹ ብቻ ናቸው፤ ከልጅነቱ የሚያውቁት፣ አብረውት ድርቆሽ ያጨዱ ወንዶች።

ቀኑ በመስከረም መጀመሪያ እሑድ ሆነ። ዓርብ ዕለት ተራራው ላይ ሳይታሰብ በረዶ ጣለ። ላሞቹ ወደ ታችኛው ጫካ መውረድ ነበረባቸው፤ ገደል ለገደል ነው መንገዱ። ጎታ ቅዳሜ ጠዋት ዳቦና ደረቅ ካልሲ ተሸክማ ወጣች። አይብ ቤቱ ውስጥ ኦይገንና ሦስቱ እረኞች እሳት ዙሪያ እግራቸውን ያሞቃሉ፣ ሬንዞ ወተቱን ያማስላል።

ኦይገን፣ «ነገ ልውረድ እንዴ?» አላት። «ሳጥኑ እስከ እኩለ ቀን ክፍት ነው። እነዚህም ከኔ ጋር ይመጣሉ፣ አራት ድምፅ ነን።»

«ላሞቹስ?»

«ሬንዞ አለ፣ ውሾቹ አሉ።»

«በዚህ በረዶ ይህን ሁሉ ላም ላንድ ሰው? አንዷ ብትንሸራተት በማን የሚላከክ ይመስልሃል? ጣሊያኑ ገደል ከተታት ነው የሚሉት። አንተ ከላሞቹ ጋር ቆይ። ደሞስ ሬንዞን እምቢ የሚል ማን አለ?»

«አንቺ አለሽ» አለ ሬንዞ ከምንቸቱ ሳይዞር። «ካልሲዬን ስለማልቀይር።»

ሳቁ። ጎታም ስቃ፣ ካልሲውን ወርውራለት ወረደች።

እሑድ እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ሹሙ ወረቀቱን ይዞ ከማዘጋጃው በር ላይ ቆመ። ሴቶቹ አደባባዩ ላይ ካለው ምንጭ አጠገብ ነበሩ፣ ጎታም መካከላቸው። አዎ ሠላሳ አንድ፣ አይሆንም ሠላሳ አራት።

አንዷ «ተሳስታችሁ ነው የቆጠራችሁት» ብላ ጮኸች። ሹሙ፣ ምስኪን፣ ሁለቴ ቆጥረናል አለ። ሁለቴም ያው ነው። ወንዶቹ መሬት መሬቱን ያዩ ጀመር፤ አዎ ያሉትም፣ አይሆንም ያሉትም። ማን የትኛው እንደሆነ አይለይም። ጎታ ቤቷ ገብታ ድንች ቀቀለች፤ የሚበላው ሰው ግን አልነበረም።

በማግሥቱ ሌላ ሰው ሳይቀድማት ወደ ተራራው ወጣች። ሬንዞ ወተቱ እየረጋለት ነበር፤ በዚያ ሰዓት ትቶት መሄድ አይቻልም።

«ስንት ለስንት?» አላት።

«ሠላሳ አንድ ለሠላሳ አራት።»

ማማሰሉን አላቆመም። «ሠላሳ አንድ ቀላል አይደለም» አለ ቆይቶ። አይቡን አንሥቶ በጨርቅ ቋጠረ፣ ድንጋዩን ጫነበት፣ እጁን ታጠበ። ከዚያ ነው ወደ ውጭ የወጣው። ኦይገን የበሩ ደፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። እህቱን አያት፣ እሷም አየችው። በሁለቱም ልብ ያለው አንድ ነገር ነው፦ አራት ሰው።

ሬንዞ በዚያው ሊሄድ ይችል ነበር። ግን በዚያ በጋ አንዲትም ላም አልሞተችም፣ አንዲትም አልተሰበረችም፤ ላሞቹ እንዲህ በሰላም ሲከርሙ አበባ ተደርጎላቸው ነው የሚወርዱት። አበባውን የሚያስረው ደግሞ አይብ ሠሪው ነው። አሰረላቸው። ከፊት ሆኖ፣ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ፣ መንደሩ መሀል ይዟቸው ገባ። እናቴ ያኔ ልጅ ነበረች፤ የወትሮው ጭብጨባ አልነበረም ትላለች፣ ቃጭሉ ብቻ። ሬንዞ እያንዳንዷን ላም በየባለቤቷ በር አስረከበ። «ሊዝሊ ይቻትና፣ የኋላ ግራ እግሯን እዩላት።» «ይቺ ጨው ትወዳለች፣ አትንፈጓት።» ከበሮቹ ውስጥ የትኞቹ አይሆንም ያሉት እንደሆኑ አያውቅም። ሁሉንም በስማቸው ጠርቶ፣ ሁሉንም ጨብጦ ተሰናበተ።

ሐሙስ ዕለት በአውቶቡስ ወረደ። ድንበር ተሻግሮ ስዊዘርላንድ፣ ቪንተርቱር ከተማ፣ የማሽን ፋብሪካ ገባ። ፕራሴል ዳግም አላደረም።

ከዚያ በኋላ እናትና ልጅ የሚገናኙት ሳርጋንስ ባቡር ጣቢያ ነበር፤ ለሁለቱም መሀል መንገድ ነው። በየወሩ የመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ጣቢያው ቡና ቤት ውስጥ፣ መስኮቱ አጠገብ። ጎታ አይብ ይዛለት ትሄዳለች፣ እሱ ደግሞ ከፋብሪካው ሱቅ ልብስ መስቀያ፣ መጋዝ፣ የማይዶለድም ቢላዋ ያመጣላታል። ዓመታት እንዲህ ሄዱ። አንድ ጊዜ አስከትላኝ ሄጄ ነበር፤ ሰባት ዓመቴ ነው። ስለ አየር ሁኔታ፣ ስለ ጥርሱ ሕመም፣ ስለ ባቡር መዘግየት ሲያወሩ እሰማለሁ። ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ እጄን አጥብቃ ይዛ አልለቀቀችኝም።

በመሀል ሕጎቹ ተለወጡ። ጎታ የራሷን ዜግነት መልሳ አገኘች። ሴቶችም ድምፅ መስጠት ጀመሩ። ቆይቶ ደግሞ ከዚህ አገር እናት የተወለዱ ልጆች ያለ መንደር ድምፅ፣ በማመልከቻ ብቻ ዜጋ መሆን ይችላሉ ተባለ። ጎታ ቅጹን ከማዘጋጃው ተቀብላ፣ እንዳይታጠፍ በሁለት ካርቶን መሀል አድርጋ ሳርጋንስ ወሰደችው።

ሬንዞ ከላይ እስከ ታች አነበበው። መልሶ ካርቶኑ ውስጥ ከተተው።

«እማዬ፣ የመንደሩ ሰዎች አንድ ጊዜ ተጠይቀው መልሰዋል።»

«አሁን እኮ ማንንም አይጠይቁም! የሚፈልጉት ፊርማህን ብቻ ነው።»

«እሱማ ነው። እነሱ ሳይጠየቁ በጓሮ በር ልግባ?»

«ጓሮ ይሁን ፊት ለፊት፣ ቤትህ ነው!»

«የአንቺ ቤት ነው» አላት። ከዚያ ቡናሽ ቀዘቀዘ አላት።

ቅጹን መልሳ ይዛው መጣች። አልጣለችውም፤ የወጥ ቤቷ መሳቢያ ውስጥ ነበር።

ሰብሳቢው «ምን ሠራች?» ላለኝ መልሱ ከዚህ ይጀምራል። መንደሩ ውስጥ ሰው ዜግነት በጠየቀ ቁጥር ጎታ ከቤት ቤት መሄድ ጀመረች። ጠያቂው ማን ይሁን ማን ግድ የላትም። የኦስትሪያ አናጢ፣ የቦስኒያ ቤተሰብ፣ ያቺ ውሻዋ ሁሉን የሚነክሰው የጀርመን ሴትዮ ሳይቀሩ። በር ታንኳኳለች። አዎ በሉ አትልም። «ሂዱና ጣሉ» ነው የምትለው። «ያልፋል ብላችሁ ቤት አትቀሩ። የፈለጋችሁትን ጻፉ፣ ግን ሂዱ።» ልጆች ከሩቅ ሲያይዋት «ጎታ መጣች፣ ጫማህን አድርግ!» እያሉ ይጮኹ ነበር። አንዳንዱ «ይህቺ ሴት ለምርጫ ትወዳደራለች እንዴ?» ብሎ ይቀልድባታል፣ አንዳንዱ መጋረጃውን ይዘጋባታል። እሷ ቆማ ትጠብቃለች።

ድምፁ በበጋ ከዋለ ደግሞ ተራራው ድረስ ትወጣለች። እረኞቹን አንድ ባንድ ታወርዳቸውና ላሞቹን ራሷ ትጠብቃለች፤ በበትርና በዳቦ ቁራሽ፣ ግማሽ ቀን ሙሉ። የእኔ ባል ዱዋርቴ ፖርቹጋላዊ ነው። የእሱ ድምፅ በሐምሌ ነበር፣ ጎታ ያኔ ሰባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው።

«ጎታ፣ እባክሽ፣ ጉልበትሽን እዪ» አልኳት።

«ጉልበቴን አይቼዋለሁ፣ አያምርም» አለችና ወጣች። ስትመለስ ቀሚሷ ጭቃ በጭቃ ነው። ዱዋርቴ በሃያ ስድስት ድምፅ ብልጫ አለፈ። ግንባሯን ይዞ ሲስማት «ተወኝ፣ ላብ ላብ እላለሁ» አለችው። ሁላችንም ስንደሰት እሷ ጥግ ላይ ቁጭ ብላ እጇን ታይ ነበር።

የዚያን ዓመት መኸር፣ ለማድረቂያ ፖም ስንከትፍ፣ ነገረችኝ። እስከዚያ ድረስ ስለ ቅዳሜዋ ጠዋት ማንም ነግሮኝ አያውቅም ነበር።

«ልጄን ያባረርኩት እኔ ነኝ» አለች፣ ቢላዋውን ሳታቆም። «ኦይገን እመጣለሁ ብሎኛል። አራት ነበሩ። እኔ ነኝ ከላሞቹ ጋር ቆይ ያልኩት።»

«ጎታ፣ አይሆንም ያሉት ሌሎች ናቸው። አንቺ አይደለሽም።»

«እነሱን አላውቃቸውም። አራቱን ግን አውቃቸዋለሁ።»

«ሬንዞ ይህን ያውቃል?»

«እዚያው ነበር። ሰምቷል። አንድ ቀን እንኳ አላነሣብኝም። አንድ ጊዜ ቢሰድበኝ እኮ ይቀለኝ ነበር።»

እኔ ነገር ማስተካከል የምወድ ሰው ነኝ። ሳርጋንስ ሄጄ ሬንዞን ላነጋግር፣ አንድ ቀን ምሳ እንጥራው፣ ሁለታችሁን ላስታርቅ አልኩ። «አልተጣላንም እኮ» አለችኝ። እውነቷን ነው። የሚታረቅ ጠብ አልነበረም።

በሰማንያ አራት ዓመቷ፣ በየካቲት፣ በሳንባ ምች ሞተች። ሬንዞ መጣ። ሥልሳ ዓመቱ ነው፣ ፀጉሩ ነጭ፣ ካፖርቱ ጥሩ። ከአውቶቡሱ ሲወርድ ሽማግሌዎቹ ባርኔጣቸውን አነሱለት፣ እሱም አነሣላቸው። ኦይገን ቀድሟት ሞቷል፣ ስለዚህ ከሬሳ ሣጥኑ ኋላ ብቻውን ነበር የሚሄደው። ዱዋርቴን ሂድና አጠገቡ ቁም አልኩት።

ከቀብሩ በኋላ እንደ ወጉ ምግብ ቤቱ ገብተን ሾርባና ዳቦ ቀረበ። ሬንዞ ለሁሉም በመንደራችን ንግግር ያመሰግናል፤ አንዲት ቃል አልጠፋችበትም፣ እንዲያውም እኛ የረሳናቸውን ነው የሚናገር። ቀስ በቀስ ሰዉ መውጣት ሲጀምር ፍሪዶሊን በምርኩዙ እየተደገፈ መጥቶ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ። ፍሪዶሊን የጎታ የቅርብ ጎረቤት ነው፤ ለስንት ዓመት እንጨት የፈለጠላት፣ በረዶ የጠረገላት። ሰማንያ ስምንት ዓመቱ ነው። እኔ ጎን ላይ ሆኜ ልጄን ሾርባ አበላለሁ።

«ሬንዞ፣ እኔ አይሆንም ብዬ ነው የጣልኩት» አለው።

ሬንዞ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ሦስት ነበርን። ካርታ የምንጫወተው። ቅዳሜ ማታ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ነው። ልጁ ያልፋል፣ ማን እምቢ ይላል፣ አልን። ሙሉ በሙሉ ካለፈ ግን አልዊና አንገቷ ሰማይ ሊነካ ነው፣ ትንሽ አይሆንም እንጨምርበት አልን። ቀልድ ነበር። ሌሎቹም እንደኛ እያሉ እንደሆነ በምን እናውቃለን?» «የእውነት የማይፈልጉህ ስንት እንደነበሩ እኔ አላውቅም። እኛ ግን ሦስት ነበርን። ሁለቱ ሞተዋል።»

ይቆጣል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ልጄን ወደኔ ሳብኳት።

«ለሷ ነግረሃታል?» አለ ሬንዞ።

«አልነገርኳትም።»

«ሠላሳ ስምንት ዓመት ጎረቤቷ ሆነህ?»

«መጀመሪያ አፈርኩ። እንጨት ልፈልጥላት ስሄድ ዛሬ እነግራታለሁ እላለሁ። ቡና ታቀርብልኛለች፣ አመስግናኝ ትሸኘኛለች። እንዴት ብዬ ልጀምረው? ኋላ ደግሞ የረሳችው መሰለኝ።»

«አልረሳችውም» አለ ሬንዞ። «እኔ ነኝ ያባረርኩት ብላ ነው የሞተች። እኔም አንቺ አይደለሽም ብዬ አልነገርኳትም። ካነሣሁት የምትከፋ መስሎኝ።»

ፍሪዶሊን ማልቀስ ጀመረ፤ እንደ ሽማግሌ ለቅሶ፣ ድምፅ የሌለው። ሬንዞ ስድብም ይቅርታም አልተናገረውም። የራሱን ጨርቅ መሐረብ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረለትና ተነሥቶ ወጣ።

ካፖርቱ ወንበሩ ላይ ቀርቷል። ውጭ በረዶ ይጥላል። ካፖርቱን ይዤ ተከተልኩት። መቃብሩ ቅርብ ነው፤ ገና አፈሩ ላይ በረዶው አልያዘም። ሬንዞ ከእንጨት መስቀሉ ፊት ቆሞ ይናገራል፤ ጮክ ብሎ፣ መስማት ለተሳነው ሰው እንደሚናገሩት።

«አንቺ አይደለሽም፣ እማዬ። ትሰሚኛለሽ? አራቱ አይደሉም። ካርታ ተጫዋቾቹ ናቸው። አንቺ አይደለሽም።»

ደጋግሞ ያንኑ ይላል። ጠብቄ ካፖርቱን ትከሻው ላይ ጣል አደረግሁለት። አውቶቡሱ ሄዶ ነበር። ዱዋርቴ በመኪናችን ሳርጋንስ አደረሰው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን የነገረኝ እሱ ነው። ጣቢያው ሲደርሱ ባቡሩ ሃያ ደቂቃ ይቀረው ነበር። ሬንዞ ቡና ቤቱ ገባ፣ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠ፣ ሁለት ቡና አዘዘ። ዱዋርቴ አንዱ ለኔ ነው ብሎ ሊቀመጥ ወንበሩን ሲስብ፣ ሬንዞ ቀና ብሎ አየውና፣ «ይቅርታ፣ ልማድ ሆኖብኝ ነው» አለው። ከዚያ ግን ተቀመጥ አለው። ባቡሩ እስኪመጣ አብረው ጠጡ።